ድንቅነሽ ጋቢና የተቀመጠችባቸው ቀናት

ድንቅነሽ በለመደችው በኩል ዞራ የመኪናዋን በር ስትከፍት መሪ ፊቷ ተደቀነ። በሩን እንደያዘች ቆመች።

«ምነው፣ አንቺ ልትነጂ ነው?» አላት ባሏ አሻግሬ ሻንጣውን ከኋላ እየጫነ።

«መሪው እዚህ ምን ይሠራል?»

«አገሩ ነዋ! እዚህ መሪው በቀኝ ነው፤ የሚኬደው ደግሞ በግራ። ዙሪ በይ፣ ጋቢናሽ ወዲያ ነው።»

መኪናዋ ቪትዝ የምታክል ነጭ ነበረች። አከራይዋ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ያደረገች ጠይም ሴት ናት። ቋንቋቸውን ባትሰማም ነገሩ ገብቷት ትስቃለች። አሻግሬ ጅቡቲ ወደብ በለቃቀማት ፈረንሳይኛ አንድ ነገር አላት። የሲሼልስ ሰዎች የሚናገሩት ከፈረንሳይኛ የተወለደ ቋንቋ ነውና እንደ ምንም ተግባቡ። ሴትዮዋ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ድንቅነሽ ያን ጊዜ የባሏን ፊት አየች። ቁልፍ ከጨበጠ ስንት ጊዜው! ትከሻው ቀና አለ፣ አንገቱ ረዘመ፣ ድሮ የምታውቀው ሰውዬ ከሆነ ቦታ ተመልሶ የመጣ መሰላት። ደስ አላት፤ ፈራችም።

ዞራ ገባች። ተደላድላ ነጠላዋን ስትሰበስብ አንድ ነገር ትዝ አላትና ብቻዋን ፈገግ አለች። ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅ አሳድገው ለወግ አብቅተዋል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ነው። እሷ ግን እሱ በሚነዳው መኪና ጋቢና ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

እንዲህ የሆነው በክፋት አይደለም። አሻግሬ የጅቡቲ መስመር ሰው ነው፤ የሚነዳውም ተሳቢ ነበር። ከቃሊቲ ይነሣል፣ አዋሽን፣ ሚሌን፣ ሰመራን አልፎ ወደብ ይገባል፣ ጭኖ ይመለሳል። በዚያ መስመር ሚስቱን ጋቢና አስቀምጦ የሚሄድ ሹፌር የለም። ቢኖር እስከ ጋላፊ ድረስ መሳቂያ ይሆናል፤ «እገሌ ዛሬ ተቆጣጣሪውን ጭኖ መጣ» ይሉታል። ጋቢናው የረዳቱ ነው። ረዳት ጎማ ይፈትሻል፣ ሻይ ያመጣል፣ ጨርቅ ይዞ መስታወት ይወለውላል። ዋናው ሥራው ግን ሹፌሩ የማያየውን አይቶ መጥራት ነው።

ድንቅነሽም ብትሆን የራሷ መኪና ነበራት፤ የፋብሪካ ሰርቪስ። አቃቂ በሰቃ ካለው ቤታቸው ወጥታ ጡረታ እስከወጣችበት ቀን ድረስ በሰርቪስ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ተመላልሳለች። የሰርቪስን ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈረቃ ጨርሰው የሚወጡ ልጆች ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ጭንቅላታቸው ከመስኮቱ ጋር እየተጋጨ አይነቁም። የሚነዳቸውን ሰው ፊቱን አያዩትም፤ ስሙንም አይጠይቁም። ያምኑታል፤ አለቀ።

ወደ ሲሼልስ ስትመጣ ሰው ሁሉ ባሕር ልታይ የሄደች መስሎታል። እሷ ግን የመጣችው ለአንድ ነገር ነው። የባሏ ግራ ዓይን ያያል? ወይስ አያይም? ያንን ልታውቅ ነው።

አሻግሬ ተሳቢውን የተወው ካቻምና ነው። «ባለቤቱ ሸጠው» አለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ይወጣና ከቃሊቲ መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ በር ላይ ካለች አግዳሚ ይቀመጣል። የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች በድምፃቸው ይለያቸዋል። «ይሄ ፍሬኑ አልቋል። ያኛው ከመጠን በላይ ጭኗል» ይላል ለሚሰማውም ለማይሰማውም። ማታ ቤቱ ሲገባ ጠዋት ከወጣው ሰውዬ አንሶ ነው። ድንቅነሽ ሲያንስ እያየች ምንም ልታደርግለት አልቻለችም።

ሉቃስ ሲመጣ ታዲያ ቤቱ በራ። ሉቃስ ድሮ የአሻግሬ ረዳት የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን አድጎ፣ ቂሊንጦ ላሉ ፋብሪካዎች ሰርቪስ መኪኖች ያሰማራል። «ጋሼ፣ ከሳሪስ አቦ ቂሊንጦ ነው። አጭር መስመር። ፈረቃ ሠራተኞችን ማድረስ፣ መመለስ፣ በቃ። እርስዎ እያሉ ሌላ ሰው አልቀጥርም» አለው። አሻግሬ በማግስቱ ፀጉሩን ተስተካከለ። ከጉዞው እንደተመለሱ ሰኞ ሥራ ይጀምራል።

ድንቅነሽ ግን ያየችው ነገር ነበር። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው በስተግራ ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል። የበሩን መቃን በግራ ትከሻው ይመታል፣ በሩን ይሳደባል። ጎረቤታቸው ፍቅሩ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «አሻግሬ ኮርቷል እንዴ? ጎኑ ቆሜ ሰላም ስለው ጥሎኝ ሄደ» ብሎ ቅሬታውን ነግሯታል። አንድ ቀን ደፍራ ጠየቀችው።

«ዓይንህን ለምን አትታይም?»

«ዓይኔ ምን ሆነ? መንጃ ፈቃዴ እንኳ ገና አልተቃጠለም።»

«መንጃ ፈቃድህን አልጠየቅሁህም።»

ሬዲዮኑን ከፈተ። ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ልጃቸው እድላዊት አየር መንገድ የምግብ ዝግጅት ክፍል ትሠራለች። ለሠራተኛ ወላጆች የሚሰጥ፣ ቦታ ከተረፈ የሚሳፈሩበት ቲኬት ነበራት። «ሲሼልስ ሂዱ፣ ቪዛ አያስፈልግም፤ አባባ መኪና ይከራይና ያንሸራሽርሽ» አለቻት። ድንቅነሽ ወዲያው እሺ ስትል ልጅቷ ገረማት፤ እናቷ ከዝቋላ አልፋ ሄዳ አታውቅምና። ድንቅነሽ በልቧ ያለችው ሌላ ነው። መኪና ይከራያል። እኔ ጎኑ እቀመጣለሁ። አየዋለሁ።

አሁን ይኸው ተቀመጠች።

መጀመሪያ ላይ ሳቅ ብቻ ነበር። አሻግሬ ማርሽ ሊቀይር ቀኝ እጁን ሲሰድ በሩን ይመታል። መታጠፊያ ላይ ፍሬቻ አሳያለሁ ብሎ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሣው፤ በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን ፏ ፏ ያደርገው ጀመር።

«ዝናብ አለ እንዴ?» አለች ድንቅነሽ።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ።»

«ጃንጥላ ላውጣ?»

«እኔ ሚሌ በረሃ ላይ ጎማ የቀየርኩ ሰውዬ ነኝ! እስቲ ልመደው።»

ለመደውም። የተሳቢ ሹፌር እጅ ነው፤ ያቺ ትንሽ መኪና መዳፉ ውስጥ የገባች ጫጩት ሆነችለት። መንገዱ ጠባብ ነው። ባንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላው በኩል የተወለወለ የሚመስል ግዙፍ ጥቁር ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ላይ የተንጠለጠለ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር በቆርቆሮ የተሠራ ቤት፣ የታጠበ ልብስ። የመንገድ ጠርዝ የሚሉት ነገር የለም። አስፋልቱ እንዳለቀ በድንጋይ የተሠራ ጥልቅ ቦይ ነው።

ብዙም ሳይነዳ መኪናዋን አቆመ። መንገዱ ከባሕር ዳር ደርሶ ያልቃል።

«ምነው ቆምክ?»

«አገሩ አለቀ።»

«እንዴት አገር ያልቃል?»

«አለቀ አልኩሽ! ይህ ሁሉ ደሴት ከጫፍ ጫፍ ከቃሊቲ ቢሾፍቱ አይበልጥም። እኔ እኮ ሦስተኛ ማርሽ እንኳ በቅጡ አላስገባሁም።» ብሎ በጣም ሳቀ። ድንቅነሽ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

ወርደው ወደ ባሕሩ ሄዱ። ጫማዋን አውልቃ ውሃው እግሯን ሲነካት ጮኸች፤ ቀዝቃዛ ይሆናል ብላ ነው የገመተችው፤ ለብ ያለ ነበር። አሻግሬ ግን ጫማውን እንዳደረገ አሸዋው ላይ ቆሞ ያያል።

«አንተ ለምደኸዋል» አለችው።

«የቱን?»

«ባሕሩን። ስንት ዓመት ያየኸው ነው።»

«ያየሁት ከኮንቴይነር መሐል ነው። ተራ ስንጠብቅ፣ በዚያ ሙቀት፣ ባሻገር ይታያል። ነክቼው ግን አላውቅም።» ጎንበስ አለና የጫማውን ገመድ ይፈታ ጀመር። ድንቅነሽ ያ ሁሉ ዓመት እሷ ቤት ሆና ስታስበው እሱ ባሕር ዳር የሚዝናና ይመስላት እንደነበር አሰበች። ለካ የተለያየ ግድግዳ ሥር ሆነው አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ነው የኖሩት።

ሲመለሱ የግራው ስፖኪዮ አንድ ቅርንጫፍ ገጨ። ትንሽ ቆይቶ የግራው ጎማ የድልድይ ጠርዝ አሻሸ።

«ግራህን!»

«ያው ነው፤ በግራ መንዳት ሲጀመር መኪናው ወደ ግራ ይስባል። አከራይዋም ነግራኛለች። ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል።»

እውነትም ሊሆን ይችላል። ድንቅነሽ ተቸገረች። ልታውቀው የመጣችው ነገር በዚህ አገር መንገድ ውስጥ ተደበቀባት። ዓይኑ ነው? ወይስ መንገዱ?

መልሱ የመጣው ከኤሊ ነው። ከሰዓት በኋላ በግራ በኩል ከመንገዱ ጥግ፣ በእንጨት አጥር ውስጥ፣ አንድ ኤሊ ቆሞ ቅጠል ይበላል። ኤሊ ማለት ሌላ ነው፤ ይሄኛው የሠርግ ጎላ ድስት የተደፋ ይመስላል። አንገቱ የሰው ክንድ ያክላል። ድንቅነሽ አፏን ይዛ ካየችው በኋላ፣ ምንም እንዳልገረማት ሆና፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

«ያን ኤሊ አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምን ያህላል?»

«ያው ኤሊ ያህላላ። ይቺን ታህላለች» ብሎ ከመሪው ላይ መዳፉን ዘርግቶ አሳያት።

ድንቅነሽ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ወደ ውጭ ዞረች። እንግዲህ አወቀች። ማወቅ እንዲህ መሆኑን ግን አልገመተችም። አዲስ አበባ ሆና ስታስበው፣ እንዳወቀች የምትናገር ይመስላት ነበር። አሁን እሱ ጎኗ ተቀምጦ፣ ክርኑን መስኮት ላይ አስደግፎ፣ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሹፌር እጁን አንሥቶ ሰላም ይላል። ሹፌሩም መለሰለት። «አየሽ? የሙያ ሰው የሙያ ሰውን ያውቃል» አላት። እንዲህ ባለ ሰው ፊት ምን ብላ ትናገር? እሱ ራሱ ይንገረኝ አለች። እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።

እስኪነግራት ድረስ ግን ሰው እንዳይገጭ ማድረግ አለባት። ስለዚህ መጥራት ጀመረች።

«ሰው አለ ግራ። አልፈኸዋል። ቦይ ነው፣ ቦይ፣ ያዘው። አሁን ክፍት ነው፣ ና።»

አሻግሬ ለአፍታ ዞር ብሎ አያት። መሪውን እንዳለችው አደረገ።

በማግስቱ ተራራውን ሲያቋርጡ ሁለቱም ሥራቸውን ለምደውት ነበር። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ከላይ ጭጋግ፣ ከታች የሻይ ተክል፣ ከሻይ ተክሉ በታች ሰማያዊ ውሃና በላዩ የተበተኑ ትንንሽ ደሴቶች። ድንቅነሽ የግራውን ትጠራለች፣ እሱ የቀኙን ይይዛል። ፈትል ክፍል ሳለች እንዲህ ነበር፤ ክር ሲበጠስ አንዷ ሳትናገር ሌላዋ እጇን ትሰዳለች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ሲመጣ እሷ ፈረቃ፣ እሷ ስትገባ እሱ መንገድ ሆነው ነው የኖሩት። አብረው የሠሩት አንድ ሥራ አልነበራቸውም። አሁን አገኙ።

«ሉቃስ እንኳ እንዲህ አልጠራልኝም» አላት ከተራራው ሲወርዱ።

«ደመወዜን አስብልኛ።»

«ረዳት ምን ደመወዝ አለው? ምሳ ነው የሚበላው።»

«እንግዲያውስ አብላኝ።»

ሙዝ ቅጠል ላይ የተጠበሰ ዓሣ በሚያቃጥል ቃሪያ በሉ። አሻግሬ እንባው እየወረደ «ይሄ ቃሪያ አይደለም፣ ባትሪ አሲድ ነው» አለ። ድንቅነሽ ስታስበው በሕይወቷ ከዚያች ቀን የበለጠ ደስ ብሏት የዋለችበት ቀን ብዙ አይደለም።

ደስታው ግን ከሰዓት በኋላ በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታሻሽ ተበላሸባት። እሱ ውስጥ ሸለብ አድርጎታል። ምን እየሠራሁ ነው? አለች። እየጠራሁለት ዓይነ ሥውርነቱን እየሸፈንኩለት እኮ ነው። እኔ ጎኑ ስቀመጥ ሁለት ዓይን አለው፤ እሱም ሁለት ዓይን ያለው መስሎት ይመለሳል። ሰኞ ሰርቪሱን ሲይዝ ማን ሊጠራለት ነው? ደግሞ የእኛ አገር መሪ በግራ ነው። በግራ በኩል የሚመጣው ቦይ አይደለም። ፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ነው፤ አስፋልት የምታቋርጥ ሰው ናት። እነዚያ የተኙ ልጆች ትዝ አሏት። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ጠዋት፣ ቁልፉን ሳይዝ።

ጠዋት ግን እሱ ቀድሟት ቁልፉን ይዞ፣ መኪናዋን በጨርቅ ወልውሎ ጠበቃት። መስታወቷ ያበራል። «የመጨረሻ ቀናችን ነው፣ በዚህ በኩል ዞረን ደሴቷን እንጨርሳታለን» አለ። ድንቅነሽ የያዘችውን ቃል ዋጠችው። ምሳ ላይ እነግረዋለሁ አለች።

ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ መንገዱ አንድ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ አጠገብ ያልፋል። ፈረቃ የሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። በግራ በኩል ሴቶች ነጭ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ፀጉራቸውን በመረብ ቆብ ሸፍነው፣ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አንዷ ቆቧን አውልቃ ግንባሯን ታካለች፤ መረቡ የሠራው ቀይ መስመር ይታያል። ድንቅነሽ ያን መስመር ታውቀዋለች። የእሷም ግንባር ላይ ለዓመታት ነበረ። ሌላዋ ቆማ ተኝታለች፤ ጓደኛዋ ትከሻ ላይ ጭንቅላቷን ጥላ፣ በቁሟ። ድንቅነሽ ልቧ ወደ እነሱ ሄደና አፏ ዝም አለ።

ዝም ያለችው ለትንሽ ጊዜ ነው። ለአሻግሬ ግን ያ ዝምታ ግራው ክፍት ነው ማለት ነበር።

መኪናዋ ወደ ሴቶቹ ተጠጋች። ጩኸት ተሰማ። ሴቶቹ እንደ ወፍ ተበተኑ። የተኛችውን ጓደኛዋ በክንዷ ይዛ ስትጎትታት ድንቅነሽ ከመስታወቱ ወዲያ ፊቷን አየች፤ ዓይኗ ገና አልተከፈተም ነበር። «አሻግሬ!» ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ተንሸራተተች፣ ግራው ጎማ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፣ ወለሉ ድንጋዩን ሲመታ ጓ አለ። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

ማንም አልተነካም። ድንቅነሽ በዘነበለው ወንበር ላይ ሆና አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ቆመዋል። የተኛችው ልጅ ነቅታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

አሻግሬ መሪውን እንደጨበጠ ነው። «ይሄ በግራ መንዳት…» አለ። ድምፁ ደርቋል። «ሰው ካልለመደው…»

ድንቅነሽ አልጮኸችም። እጇን ክንዱ ላይ አደረገች።

«አሻግሬ፣ መንገዱ አይደለም። እኔ ዝም ስላልኩ ነው።»

እጁ ከመሪው ላይ ወረደ።

«አላየኋቸውም» አለ። «አንዷንም።»

ውጭ ሴቶቹ መስኮቱን ያንኳኳሉ፣ «ደህና ናችሁ ወይ?» የሚሉ ይመስላል። እሱ ግን ለእነሱ ዞር አላለም፤ ፊት ለፊቱን እያየ፣ የሆነ ነገር እንዳያመልጠው የቸኮለ ያህል፣ ባንድ ትንፋሽ ነገራት። ባለቤቱ ተሳቢውን አልሸጠውም። ሚሌን አልፎ ሲመጣ ከግራ በኩል ግመሎች ገብተው፣ ከሉቃስ በኋላ የያዘው ረዳት ሲጮህ ነው ያወቀው። ረዳቱ ለማንም አልተናገረም፤ ቃሊቲ እስኪደርሱ ግራውን እየጠራ አመጣው። አሻግሬ ቁልፉን ለባለቤቱ መለሰ፤ ጉልበቴ አልቻለም አለው። ትክክል አደረግሁ ብሎም ነበር።

«ታዲያ ሰርቪሱን ለምን እሺ አልክ?»

«አግዳሚው። እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ሁሉ ያልፈኛል። ሉቃስ ሲመጣ አጭር መንገድ ነው አልኩ። ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ አልኩ።»

«ሐኪም ዘንድስ ለምን አልሄድክም?»

«ብሄድ ምን ይሉኛል? ቀኙም ሊከተል ነው ቢሉኝስ? ካልነገሩኝ ዓይኔ ያለ ይመስለኛል ብዬ ነው።»

በሩ ከውጭ ተከፈተ። ድንቅነሽን በብብቷ ይዘው አወጧት። እሱም በራሱ በኩል ወጣ። ሴቶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው መኪናዋን ከየጎኑ ያዙ። አንዲት ወፍራም ቀላ ያለች ሴት «ኤን፣ ደ…» ብላ ቆጠረች፤ አሻግሬ «ትርዋ!» ብሎ አብሯቸው አነሣ፤ ጎማው አስፋልት ላይ ወጣ። አጨበጨቡ። አሻግሬ በዚያች በተለቃቀመች ፈረንሳይኛው ይቅርታ ጠየቃቸው፤ አንዴም አይደለም፣ ደጋግሞ። ወደ ተኛችው ልጅ ሄዶ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ራሱን ነቅንቆ አሳያት። ልጅቷ ገባት። ሳቁ ባንድ ጊዜ ከሁሉም ፊት ላይ ጠፋ።

እንድትነዳላቸው ቁልፉን ለወፍራሟ ሴት ሰጣት። ቤቷ በእነሱ ማረፊያ በኩል ነበርና እሺ አለች። ድንቅነሽ ከኋላ ገባች። ጋቢናው የባሏ ሆነ።

በመንገዱ ሁሉ ከኋላ ሆና አየችው። የተቀመጠው በግራ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በተቀመጠበት በኩል። ፊቱ ግን መሪ የለም። ሴትዮዋ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን ይፈልጋል። እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ ያነሣቸዋል፣ መልሶ ያስቀምጣቸዋል። ድንቅነሽ አላጽናናችውም። አሁን የምትለው ማንኛውም ነገር ትንሽ ነው።

ማረፊያው ሲደርሱ ገና ፀሐይ ነበረች። አሻግሬ በረንዳው ላይ ስልኩን አውጥቶ ተቀመጠ። ለሉቃስ በቴሌግራም ድምፅ ሊልክ ነው። ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ሉቃስ፣ እንደምን ከረምክ። እኔ ደህና ነኝ። ሰኞ እንኳ… ጉልበቴን ትንሽ አሞኝ…»

ድንቅነሽ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና አላለችም፤ እጇ ግን ቆመ። አሻግሬ አያት። መልእክቱን ሳይልከው አጠፋው። ጉሮሮውን ጠረገ። በፊት ለፊታቸው ትልልቅ የሌሊት ወፎች ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዛፍ ዛፍ ይሻገራሉ።

«ሉቃስ፣ አሻግሬ ነኝ። ሰኞ አልመጣም። ግራ ዓይኔ አያይም። ካቻምናም አያይም ነበር። ሰርቪሱን ለኔ አትስጠኝ። ተንበርክኬ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

ላከው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

መልሱ ብዙ አልቆየም። ስልኩ ሲንጫጫ አሻግሬ አላነሣውም፤ ድንቅነሽ አነሣችና አነበበችለት። «እሺ ጋሼ። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ለሰኞ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ሌላ ምን ይላል?»

«ሌላ የለም።»

«ሌላ ሰው» አለ አሻግሬ። ቃሉን እንደ ምግብ ቀመሰው። የጠበቀው ምን እንደነበረ ድንቅነሽ ታውቃለች፤ ምንም አይደለም ጋሼ፣ ይምጡ፣ እንዲለው ነበር። ሉቃስ ግን ከእሱ የተማረ ሹፌር ነው።

ወንበሯን አምጥታ በቀኙ በኩል ተቀመጠች፤ ሳይዞር እንዲያያት።

«እንደገባን ዓይንህን ትታያለህ።»

«ቀኙም ቢሆንስ?»

«ቀኙም ቢሆን እንወቀው።»

ዓይኑን በመዳፉ አሸው፣ የማያየውን ዓይን፤ እንዳያሽ እጁን አልያዘችበትም። ከወጥ ቤቱ የሚጠበስ ነገር ሽታ መጣ።

«ራት ምንድን ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ዓሣ።»

«ዛሬም ዓሣ?»